ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው

የተወለድሁት ጥር 22 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። እናቴ ቀኑን የምታውቀው ከወረቀት አይደለም፤ «የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ሌሊት ላይ» ትላለች። በዚያ ዘመን ሉማሜ ውስጥ ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል እንጂ የሚመዘግብ ሰው አልነበረም።

ከአገር ስወጣ አንድ ጸሐፊ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይቀይር 22/05/1977 ብሎ ጻፈው። በእኛ ጥር አምስተኛው ወር ነውና ቁጥሩ ልክ ነው። አሁን በምኖርበት የአውሮፓ አገር ግን ያየው ሁሉ «ሜይ 22 ቀን 1977» ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 30 ቀን 1985 ነበር። በአንድ ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀሁ።

መጀመሪያ ከጓደኞቼ ጋር ሳቅንበት። ባለቤቴንና ልጄን ወደ እኔ ለማምጣት ሳመለክት ግን ሳቁ ቀረ። የጋብቻ ወረቀቴ እውነተኛውን ቀን ይዟል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ሌላውን። «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» ተባልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በስደት የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። አንዷ ሠራተኛ «ከትውልድ ቦታህ የልደት ማስረጃ ካመጣህ ይበቃል» አለችኝ። አመጣሁ። በዚያው መስኮት የተቀመጠ ሌላ ሰው «ይህን አንቀበልም» አለ። ሦስተኛው «ወረቀቱ ስድስት ወር አልፎታል፣ አዲስ አምጣ» አለ። በአገር ቤት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ይመላለሳል። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንድ ቀን መንገዱ ተዘግቷል።

አንድ ማታ ወንድሜ ደወለ። ጉዳይ ገዳይ አግኝቷል። ሰውዬው ከመኖሪያ ፈቃዴ ጋር የሚገጥም የልደት ማስረጃ ያሠራል፤ የጋብቻውንም ያስተካክላል። የሚያስፈልገው ገንዘብና የእናቴ ምስክርነት ብቻ ነው። ግማሹን ገንዘብ በማግስቱ ላክሁ። በዚያው ሳምንት የቤት ውስጥ የጸሎት ኅብረታችንን የመራሁትም እኔ ነበርሁ።

ነገሩን ያቆመችው እናቴ ናት። በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ይህ ቀን በእኛ ሲሆን ግንቦት 69 ነው አሉኝ። በግንቦት 69 እኮ እኔ ልጃገረድ ነበርሁ። በማርያም ማግስት የወለድሁህን ልጅ ሳላገባ ወለድሁት ብዬ በእግዚአብሔር ስም ልማልልህ?»

እናቴ ወደ እኛ ጸሎት ቤት አትሄድም። በዚያ ቀን ግን እግዚአብሔርን የፈራችው እርሷ ነበረች።

ወገኖች፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለት ነገር አብረን መያዝ ያለብን ይመስለኛል።

አንደኛ፣ በየመስኮቱ የሚለዋወጥ ሕግ በደል ነው። በደልን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ታገሥ» ብለን ማለፍ መንፈሳዊነት አይደለም። ምሳሌ 20፥10 ጌታ በሁለት ዓይነት ሚዛን እንደሚጸየፍ ይነግረናል። ለአንዱ አንድ ወረቀት፣ ለሌላው ሦስት ወረቀት የሚጠይቅ ቢሮም ሁለት ሚዛን የያዘ ነጋዴ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን በሥጋው ቀምሷል። ገዢው ፊልክስ ጉቦ እየጠበቀ ሁለት ዓመት አስሮ አቆየው (ሐዋ. 24)። ተተኪው ፊስጦስም ወደ ቄሣር ሊልከው ሲነሣ በክሱ ላይ ምን እንደሚጽፍ ጨንቆት ነበር (ሐዋ. 25)። ወንጀሉ ያልታወቀ እስረኛ!

ጳውሎስ ግን ዝም አላለም። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ደብድበው በስውር ሊያስወጡት ሲሉ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። ዜግነቱን ጠቀሰ፣ ይግባኝ አለ። መብትን መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም።

ሁለተኛው ይከብዳል። ያው ጳውሎስ ለፊልክስ ጉቦ አልሰጠም። ወዳጆቹ እየገቡ እንዲያገለግሉት ተፈቅዶ ነበርና መንገዱ አልጠፋውም ብዬ አስባለሁ። ሁለት ዓመት ግን ተቀመጠ። የቢሮው ሁለት ሚዛን ለእኔ ሁለት ፊት እንዲኖረኝ ፈቃድ አይሰጠኝም። «ሥርዓቱ ራሱ ውሸታም ነው፤ ለውሸታም ምን ዕዳ አለብን?» የሚል ወንድም አውቃለሁ። መልሴ ይህ ነው፦ ያ የውሸት ወረቀት መስኮቱ ላይ አይቀርም። ወደ ቤት ይመጣል። ልጅህ በእርሱ ትጠራለች፣ ሚስትህ በእርሱ ትምላለች፣ እናትህም ያልሆነችውን ሆና ትመዘገባለች። እኔ ገንዘብ ብቻ የከፈልሁ መስሎኝ ነበር፤ የተጠየቀው የእናቴ ክብር ነበር።

ነፍሱን ለማትረፍ የሸሸ፣ የያዘውን ወረቀት ይዞ ድንበር ያለፈ ሰው ላይ ድንጋይ አላነሣም። እኔ እየሮጥሁ አልነበረም፤ ቸኩዬ ነበር እንጂ።

መጨረሻው ምን ሆነ? የስሕተቱን ምክንያት በደብዳቤ ጻፍሁ። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ ጥር አምስተኛ ወር እንደሆነ አስረዳሁ፤ የትምህርት ቤት ካርዴንም አያያዝሁ። አሥራ አራት ወር ፈጀ። ትቻት የመጣሁት ልጄ ትድህ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስትደርስ እየሮጠች ከእናቷ ኋላ ተደበቀች። አላወቀችኝም። እውነት ዋጋ አያስከፍልም ብዬ አልዋሻችሁም። ለጉዳይ ገዳዩ የላክሁት ገንዘብም አልተመለሰም።

በእነዚያ ወራት ቤተ ክርስቲያን «እንጸልይልሃለን» አለችኝ፤ ጸለየችም። ተመስገን። ከጸሎቱ ጋር አብሮኝ ቢሮ የሚሄድ አንድ ወንድም ግን እመኝ ነበር። ስለዚህ በስደት ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናት፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መድቡ። ሰነዱ በአገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ እንዳለበት፣ የተባለውን ሁሉ በጽሑፍና በቀን ማስያዝ እንደሚጠቅም አዲስ ለመጣው ንገሩት። ያን ጊዜ ጉዳይ ገዳዩ ገበያው ይቀዘቅዛል።

በአገር ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ልጃችሁን በጊዜው አስመዝግቡ፤ ስሙም ቀኑም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን።

ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጥህ አማኝ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ «ነገ ና» ልትል ስትል አስብ፦ ያ ወረቀት የአንድ ሕፃን አባት ሊሆን ይችላል። ጌታችን ራሱ የተወለደው እናቱና ዮሴፍ ለመመዝገብ በሄዱበት ከተማ ነው። እንግዳ ሆኖ ከመዝገብ ፊት መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል።

በሰው መዝገብ ላይ ሁለት ቀን ተጽፎልኝ ኖሬአለሁ። ጌታ በሚያውቀው መዝገብ ግን ስሜ አንድ ነው። እንደዚያው አንድ ሰው ሆነን እንድንኖር ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።