የኅዳር ጢስና የመርፌ ፍርሃት

ልጆቼ፤ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ፊደል ካልቈጠረ ሰው ጋር አይደለም። ፊደል ያልቈጠረውን ማስተማር እንጂ መሟገት አይገባም። የምሟገተው ከእናንተ ጋር ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምራችሁ፥ መጽሐፍ ገልጣችሁ ታነቡና ክትባት መጣ በተባለ ጊዜ ግን ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድማችሁ ከምትሸሹት ጋር።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በከተማችን በሞጆ እንደ ሌላው ሀገር ሁሉ ጥራጊ ተሰብስቦ በየደጁ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። እሳቱን የሚያነድ አንድ ጎረምሳ፥ ይህ የምን መታሰቢያ ነው ብዬ ብጠይቀው «ባህል ነው፥ ጋሼ» አለኝ። ባህል ነው ብሎ መመለስ አላውቅም ከማለት የሚለየው በምንድን ነው? ጢሱን ወርሰናል፤ ጢሱ የተጤሰበትን ምክንያት ግን ጥለነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሕዝባችን «የኅዳር በሽታ»፥ የውጭው ዓለም ደግሞ «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ያለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። (ከእስፓኝ የመጣ ስለ ሆነ አይደለም። እስፓኝ በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ ያዩትን ሳይደብቁ ጻፉ፤ ስሙም በእርሷ ላይ ቀረ። እውነት የተናገረ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው እንዲህ ነው።) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በከተማዪቱ ከዐሥር ሺህ ሰው በላይ እንደ ሞተ፥ እሳቸውም ያን ጊዜ ራስ ተፈሪ ሳሉ በጽኑ ታመው እንደ ተረፉ ጽፈዋል። ባንድ ቤት ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ለበሽተኛው ውሃ የሚያቀብል አልተገኘም። ቀባሪ ጠፋ፤ ጅብም በሬሳ ላይ ሠለጠነ። በዓለም ላይ ያለቀው ሰው ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል፤ ከሟቾቹም እጅግ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው ጎልማሶች ነበሩ። ዕድሜውን ልብ በሉ፤ የእናንተ ዕድሜ ነው።

በሽታው ከባሕር በር ተነሥቶ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ እንደ ወጣ ይነገራል። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና መንገዱ ከተከፈተ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሞጆ በዚያው ሐዲድ ላይ ናት። ዛሬ ያ አሮጌ ባቡር ባያልፍባትም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፤ ደረቅ ወደቡ አለ፤ ከጅቡቲ የሚመጣው የከባድ መኪና ሹፌር እኛ ዘንድ ምሳውን ይበላል፤ የሐዋሳውም መንገድ ከዚሁ ይገነጠላል። ስለዚህ ወረርሽኝ የሩቅ ሰው ነገር ነው የሚለኝ የሞጆ ልጅ ቤቱ የት እንዳለ የዘነጋ ነው።

ደግሞም አንድ ጊዜ መጥቶ የቀረ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ፤ በ1960 ዓ.ም. እንደገና። በሁለቱም ጊዜ በዓለም ላይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በ2001 ዓ.ም. አራተኛው መጥቶ ወደ ሀገራችንም ገባ። የዚህ ቫይረስ ጥንተ ቤቱ የውሃ ወፎች ናቸው። ከወፍ ወደ ዶሮና ወደ ዐሣማ፥ ከዚያም መልኩን ለውጦ ወደ ሰው የሚሻገርበት ጊዜ አለ። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወፎች ቆቃ ሐይቅ ላይ ሲያርፉ፥ በቢሾፍቱና በእኛ አካባቢም ዶሮ በብዛት ሲረባ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ስለ ጢሱም ልናገር። ጥራጊን ከደጃፍ ማስወገድ መልካም ነው። ነገር ግን ኢንፍሉዌንዛ በቈሻሻ ክምር አያድርም፤ በሰው ጉሮሮና ሳንባ ያድራል፥ በሳልና በማስነጠስም ይሻገራል። አያቶቻችን በጢስ ቢከላከሉት አይፈረድባቸውም፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት እንኳ ጠላታቸውን ስተው ሌላ ባክቴሪያ ይወነጅሉ፥ በእርሱም ላይ ክትባት ይሠሩ ነበር። እውነተኛው ቫይረስ በእንግሊዝ ሀገር የተገኘው በ1925 ዓ.ም. ነው። በ1936 ዓ.ም. ክትባቱ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተፈትኖ ጠቃሚነቱ ታወቀ። እናንተ ግን ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ተወልዳችሁ ፕላስቲክ እያቃጠላችሁ የአስም ሕመምተኛውን ጎረቤታችሁን ታስላላችሁ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። «ጉንፋን ነው፤ ዳማከሴና ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል» ትላላችሁ። ጉንፋን አፍንጫ አርጥቦ ይሄዳል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ከትኩሳትና ከቁርጥማት ጋር ይጥላል፤ ሽማግሌውን፥ ነፍሰ ጡሯን፥ ሕፃኑን፥ የልብና የስኳር ሕመምተኛውን ይገድላል። «መርፌው ራሱ በሽታውን ያመጣል» ትላላችሁ። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት በአብዛኛው ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል አሳድገው ከገደሉት በኋላ የሚሠራ ነው፤ የሞተ ደግሞ አያጠቃም። ክንድ ሊያምም፥ አንድ ቀንም ሊያተኩስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ፍጹም ጋሻ ነው ብዬም አልዋሽም። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለውጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በደንብ በገጠመበት ዓመት ሐኪም ቤት የሚያስኬደውን ሕመም ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያህል ይቀንሳል። ግማሽ ያህሉን የሚያስቀር ጃንጥላ በክረምት ተሰጥቶት የሚጥል ሰው አላየሁም።

«ዘር ያመክናል» የሚለውን ወሬ ለመመለስ እንኳ አፍራለሁ። ፈንጣጣን ከሀገራችን ያጠፋው ክትባት ነው፤ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝባችን እንዴት እንደ በዛ ማንም ያያል። መከተብም ከባዕድ የመጣብን አይደለም፤ አባቶቻችን ከፈንጣጣ በሽተኛ ቍስል ወስደው ጤነኛውን ይከትቡ ነበር፥ አደጋውንም እያወቁ።

«እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ጧት ጧት ጸሎት ነበር፤ ከጸሎቱ ቀጥሎ የጥፍርና የመሐረብ ምርመራ ነበር። ሁለቱ ሲጣሉ አላየሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የመጨረሻው ነው፤ እንዲህ ያለኝም ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ነው። «ጋሼ፥ የኢንፍሉዌንዛው ክትባት በሀገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የለም፤ ለሌለ ነገር ምን ያሟግተናል?» እውነቱን ነው። ለሽማግሌውና ለነፍሰ ጡሯ እንዲመጣ መጠየቅም ይገባል። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የሆነውን ተመልከቱ። አዲሱ ቫይረስ በሚያዝያ ታወቀ፤ ክትባቱ ተሠርቶ መሰጠት የጀመረው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ነው፥ እርሱም አስቀድሞ በሀብታሞቹ ሀገሮች። ድኻ ሀገር የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ዘግይቶ የመጣውን ደግሞ ሕዝቡ በወሬ ፈርቶ እንቢ ካለው፥ ጠርሙሱ በማቀዝቀዣ ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። የኮቪድ ክትባት በየካቲት 2013 ዓ.ም. በገባ ጊዜ በዚሁ በሞጆ «ሽቦ አለበት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያሉትም የዲግሪ ባለቤቶች ነበሩ። ወሬው በሽታው ከመጣ በኋላ አይነቀልም፤ ሁሉ ሰው በፈራበት ቀን ማን ማንን ይሰማል? ስለዚህ ሙግቱን ዛሬ፥ ገና ማንም ሳይታመም እሻለሁ።

በእጃችን ካለውም እንጀምር። በ1911 ዓ.ም. ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሳቸው በኢንፍሉዌንዛው ላይ የተደረበው የሳንባ ምች ነበር። የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛውን የሚከላከለው ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በነጻ ይሰጣል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የታናሽ ወንድማችሁን ወይም የእኅታችሁን ልጅ የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የጎደለ ካለ ነገ ጧት ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።