ጉልቤው ፊሽካ ሲይዝ

ኳስ ሜዳ ላደግን ሰዎች የበረዶ ላይ ሆኪ አይጥምም። ያቺን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ በዓይን ለመከተል ስንል ጨዋታው ያልቃል። ገና የተጫወተ ሰው ዱላውን ቢያውቀውም በረዶው ከየት ይምጣለት! ቢሆንም ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ፖል ስቱዋርት ላጫውታችሁ።

ይህ የቦስተን ልጅ ተጫዋች ሳለ ዋና ሥራው ጎል ማግባት አልነበረም። በሆኪ ቡድን ውስጥ የጓደኞቹን ጥቃት በቡጢ የሚመልስ ጉልቤ አይጠፋም፤ እሱ ያ ነበር። በፈረንጆች ኖቬምበር 1979 ለኩቤክ ኖርዲክስ ተሰልፎ በትውልድ ከተማው፣ በቦስተን ጋርደን፣ ከቴሪ ኦራይሊ፣ ከስታን ጆናታንና ከአል ሴኮርድ ጋር በአንድ ምሽት ተራ በተራ ተደባደበና ከጨዋታ ተባረረ። በታላቁ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ የተጫወተው 21 ጨዋታ ብቻ ነው። ያገባው 2 ጎል፣ የተቀጣው 74 ደቂቃ!

ታዲያ መጫወቱን ሲተው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳኛ!

ነገሩ በዘር አለ። አያቱ ቢል ስቱዋርት የሆኪም የቤዝቦልም ዳኛ ነበሩ፤ በ1938 ደግሞ ቺካጎን አሠልጥነው የስታንሊን ዋንጫ ወስደዋል። ግን የአያት ስም ብቻውን በር አይከፍትም። የልጅ ልጁም ከታችኞቹ ሊጎች ጀምሮ ወጣ። በ1987 በታላቁ ሊግ የመጀመሪያውን ፊሽካ የነፋው እዚያው በተባረረበት በቦስተን ጋርደን ነው።

«ጅብን የበግ ጠባቂ» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። እኔ አልስቅም። ዳኛ ፊቱን ሲያዞር ጎድን በዱላ መውጋትን፣ ሳይነኩ ተነካሁ ብሎ መውደቅን፣ የሠራውና የደረሰበት ካልለየው ማን ይለየዋል? ደግሞም የቅጣት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደሙ ሲፈላ ምን ዓይነት ቃል እንደሚያበርደው ያውቃል። የእኛ የቀድሞ ተጫዋቾች በየዓመቱ የኢትዮጵያውያን ውድድር ላይ መስመር ዳር ቆመው ዳኛ ከሚሰድቡ፣ እስቲ ፊሽካውን ይሞክሩት።

ሁለተኛ እንጀራ ምን እንደሚጠይቅ ለእኛ አይነገረንም። ትናንት መምህር ዛሬ ታክሲ ነጂ የሆነ በየቤታችን አለ። ስቱዋርት ግን ሁለተኛውንም ሊያጣው ነበር፤ በ1998 የአንጀት ካንሰር ያዘው። ታከመ፣ ወደ በረዶው ተመለሰ። በ2003 ሲያበቃ ከ1,000 በላይ ጨዋታ ዳኝቶ ነበር፤ ከአሜሪካ ተወላጆች 1,000 የሞላ የመጀመሪያው እሱ ነው።

በ2018 ስሙ ከአሜሪካ ሆኪ ታላላቆች ጋር ተመዘገበ። መቼም በ2 ጎል አይደለም።