ለሕፃን የተሠራች መረገጫ

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም በሐይቅ በምንኖርበት ቤት የደረሰብንን ነገር እንጽፍላችኋለን። የአምስት ዓመት ልጃችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን አስቀድሞ በግድግዳ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ሊሳለም ወደደ፤ ቁመቱ ግን አልደረሰለትም። እኛም «ቆይ፥ እናነሣሃለን» ብለን ወደ ሥራችን ዞር አልን። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተናገርነው እግዚአብሔር ያውቃል። ሕፃኑ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ደፍቶ ወጣበት፤ ቆርቆሮው ተንሸራተተና ግንባሩ በቡናው የከሰል ምድጃ ጠርዝ ላይ ዐረፈ። ጾም ባይሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ምድጃው ፍም በተሞላ ነበር። ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ከቅንድቡ በላይ አለ፤ ባየነው ቍጥርም ያን «ቆይ» ያስታውሰናል።

በመጀመሪያ የተቈጣነው ሕፃኑን ነበር። ልጁን ሊጠይቁ የመጡ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጎረቤታችን ግን፥ «ልጁን አትቈጡት፤ ዘኬዎስም አጭር ነበረ፤ ነገር ግን የሚወጣበት ሾላ አገኘ። ይህ ልጅ ቆርቆሮ ብቻ ቢያገኝ ጥፋቱ የማን ነው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

«በቤታችን በርጩማ አለን እኮ፥ አያ» አልናቸው። እርሳቸውም ባለ ሦስት እግሩን በርጩማችንን አንሥተው ምክንያቱን አስረዱን። ሦስት እግር ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ ሦስቱም ሁልጊዜ መሬት ይነካሉና። ነገር ግን በርጩማ የተሠራው ለሚቀመጥ ሰው ነው። የሚቀመጥ ሰው የገዛ ሁለት እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ ራሱን ይደግፋል፤ የቆመበት ሕፃን ግን ሌላ ድጋፍ የለውም። ወደ ሥዕሉ በተንጠራራ ጊዜ ክብደቱ ከሦስቱ እግሮች መካከል ያልፍና በርጩማው ይገለበጣል። ስለዚህ ለሚቆም ሰው አራት እግር፥ ያውም ወደ ውጭ የተንሰራፋ እግር ያስፈልጋል። ስንት ዓመት በበርጩማ ተቀምጠን ይህን አለማሰባችን ገረመን።

እንጨቱን በሚመለከት አናጢው ከቤታችን ጓሮ የወደቀውን የአሮጌ በር ሳንቃ መረጡ። ሳንቃው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ የሚገራ፥ ሲደርቅም እምብዛም የማይጣመም በመሆኑ ለከበሮም ለበርጩማም የተመረጠ እንጨት ነው። የብራና መጻሕፍትን ግራና ቀኝ የሚይዙት ገበታዎችም ከዋንዛ ይጠረባሉ። ከቤታችን ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ባስተማሩበት ስፍራ፥ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ አራቱ ወንጌል እንዳለ የታወቀ ነው፤ እንጨት ለይቶ ማወቅ ለመጽሐፍ ጠባቂም የሚገባ ዕውቀት ነበር። ባሕር ዛፍ ግን ርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም፤ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ልኩ እንዲህ ነው። ቁመቷ አንድ ስንዝር፥ ይኸውም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከዚህ በላይ ከፍ ማድረግ ውድቀቱንም ከፍ ማድረግ ነው። መቆሚያው ርዝመቱ 35፥ ስፋቱ 25፥ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። የአራቱ እግሮች ጫፍ መሬት ላይ ሲያርፍ ከመቆሚያው ጠርዝ በሁለት ጣት ያህል ይውጣ፤ ከዚያ ከበለጠ መሰናከያ ይሆናል። እግሮቹ ከወይራ ቢሆኑ እጅግ ጠንካራ ናቸው፤ ነገር ግን ከመቆሚያው ይልቅ በሚገባ የደረቁ መሆን አለባቸው። ያልደረቀ እግር በቀዳዳው ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ይቀጥንና ይላላልና። አናጢው እግሮቹን በማጀት ምድጃ አጠገብ ሁለት ሳምንት አቆዩአቸው፤ እኛ ቸኩለን ነበር፥ እርሳቸው ግን አልቸኰሉም።

የእግሩ ጫፍ በቀዳዳው ካለፈ በኋላ ከላይ ተሰንጥቆ ሽብልቅ ይመታበታል። ሽብልቁ የመቆሚያውን እንጨት ጅማት አቋርጦ እንጂ ጅማቱን ተከትሎ አይግባ፤ ተከትሎ ከገባ ሳንቃውን ለሁለት ይከፍለዋል። ምስማር አላስፈለገም። አራት እግር ግን መነቃነቁ አይቀርም። ስለዚህ መረገጫዋን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፥ ከአጭሩ እግር ሥር ወረቀት እያጠፉ ጎስጉሶ፥ እርሳስን በአንዲት ቁራጭ እንጨት ላይ አጋድሞ አራቱንም እግሮች ዙሪያቸውን ማስመርና በመስመሩ መቍረጥ ነው። ይህን ሥራ ልጁ ራሱ እርሳሱን ይዞ ሠራው፤ መስመሩ ጠማማ ስለ ነበረ ሁለተኛ ተሠመረ።

ላይዋ በመላጊያ አብዝቶ አይለሰልስ፤ ርጥብ እግር ያንሸራትታል። ጥቂት ቀጫጭን ጭረት ይቈረጥባት፥ ጠርዟ ግን ይክበብ። ለመጠበቂያ የተልባ ዘይት ሁለት ጊዜ ቀባናት፤ በየጊዜውም ብዙ ቀን እስክትደርቅ ጠበቅን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ቢጣል በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ተዘርግቶ ከቤት ውጭ ይድረቅ።

የእግር መረገጫ በመዝሙረ ዳዊት የታወቀ ስም ነውና ልጁ «መረገጫዬ» ብሎ ጠራት። ቦታዋ በሥዕሉ ሥር ነው፤ ፊቱን ሲታጠብ ብቻ ወደ ውኃው ይወስዳታል። ወደ ማጀት፥ ምጣድ ወደሚጣድበት እንዳትገባ እናቱ ከልክላለች፤ ወደ መስኮትም እንዲሁ። አናጢው ዋጋ ሲጠየቁ ለሽብልቁ ብቻ እንደሚያስከፍሉ ተናግረው ሳቁ፥ ሽብልቁም ከተራፊ እንጨት ነበር።

ዘንድሮ በፍልሰታ ልጁ ከሁላችን ቀድሞ ተነሥቶ ነጠላውን እንደ ለበሰ ሥዕሉን ሲሳለም አገኘነው፤ እኛን አልጠራም። ታናሽ እኅቱ ደግሞ መውጣት እየፈለገች ከእርሱ ጋር ትጣላለች። አንደኛው እግር በመጐተት ብዛት ጥቂት ላልቷልና በሚመጣው ሳምንት ሽብልቁ ይለወጣል።