ቁልፉን ማን ቀረጸው?

ውጭ ያሉ ዘመዶች «የቢትኮይን አድራሻ አውጡና ገንዘብ እንላክላችሁ» ሲሉ ይሰማል። ለመሆኑ ይህ አድራሻ እንዴት ነው የሚወጣው? በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ልናጫውታችሁ ወደድን።

ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀመረ። አድራሻ የሚሰጥ ባንክ የለውም፤ የሚያወጣው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው ሆኖ ማንም የማይገምተው ረጅም ቁጥር ያወጣል። ሚስጥራዊው ቁልፍ ይሄ ነው። ከቁልፉ አድራሻው ይሰላል፤ ከአድራሻው ወደ ቁልፉ መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ አድራሻውን ለላኪ መስጠት ችግር የለውም። ቁልፉ ደግሞ ለአያያዝ እንዲመች ብዙውን ጊዜ ከ2,048 ቃላት መዝገብ በወጡ 12 ወይም 24 ቃላት ይጻፋል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው ዕጣው ላይ ነው። ሊብቢትኮይን የሚባል የፕሮግራም ሠሪዎች መሣሪያ በአንድ ትእዛዙ ዕጣውን የሚያወጣው ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ተነስቶ ነበር። በዚህ የተነሳ ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች 4 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ሆኑ። ለእኛ ብዙ ይመስላል፤ ኮምፒዩተር ግን አንድ ባንድ ሞክሮ ይጨርሰዋል። ሌቦች ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የብዙ ሰው ገንዘብ ጠርገው ወሰዱ። ቃላቱን ደብቆ የያዘ እንኳ አልዳነም፤ ጉድለቱ ቁልፉ ሲቀረጽ ነበራ!

ይህ እኛንም ይመለከታል። ስልክ እየተዋዋስን የምንኖር ሰዎች ነን። አድራሻውን ሌላ ሰው ካወጣልን ቃላቱን አይቷል ማለት ነው፤ ቃላቱን ያየ ደግሞ ከገንዘቡ ባለቤት እኩል ነው። ገንዘቡ አንዴ ከሄደ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም።

ስለዚህ፦

• አድራሻውን በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ እጅ፣ ብዙ ባለሙያ በመረመረው ፕሮግራም ያውጡ። ቃላቱን ፕሮግራሙ ይምረጥ እንጂ ከራስዎ አይፍጠሩ።

• ቃላቱን በወረቀት ይጻፉ፤ ፎቶ አያንሷቸው። «ንገሩኝ» የሚል ሁሉ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው ብለው ይያዙት።

• ሌላ ሰው ያወጣልዎት አድራሻ ካለ አዲስ አውጥተው ገንዘቡን ያዛውሩ።

• የምንኖርበት አገር ሕግ መፍቀዱን አስቀድመው ይጠይቁ። ዋጋውም በአንድ ሳምንት ወጥቶ ሊወርድ እንደሚችል አይርሱ።

ይህ ሁሉ የማይመችዎ ከሆነ ዘመድዎን በለመዱት መንገድ እንዲልክ ቢነግሩት ምንም ነውር የለውም።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።