«አንቺ! ጨምሪ እንጂ!»

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ በምግብ ቤታችን ወጡ አነሰ። ሰልፉ ረዘመ፣ ሆድም ባሰው። ከመካከላችን አንዱ ሳህኑን በማንኪያ እየደበደበ፣ በዕድሜ እናቱን በሚያህሉ ወጥ አዳይ ላይ «አንቺ! ጨምሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ቢኖር እነፍግሃለሁ?» አሉት። እኛስ ምን አደረግን? ሳቅን። «ተው፣ ነውር ነው» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ሳቅ ነው።

ነገሩን ማታ ዶርም ውስጥ ስናነሳው ያገኘነው መልስ የታወቀ ነበር። «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ምን ታካብዳላችሁ? ጨዋነት እኮ የጠገበ ሰው ጉዳይ ነው!» ነቃሁ ባዩ ደግሞ ጨመረበት፦ «ጨዋነት የፊውዳል ቅሪት ነው፤ ጭሰኛው ለባላባቱ ጎንበስ እንዲል የተፈጠረ!»

በዚህ በሁለተኛው ክርክር ውስጥ እውነት መኖሩን አንክድም። «የጨዋ ልጅ» የሚለው አነጋገር ራሱ ንጹሕ ታሪክ የለውም። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በብዙ ሰው አፍ «ጨዋ» የ«ባሪያ» ተቃራኒ ነበር። ጭሰኛውም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለባለመሬቱ እጅ ሲነሳ የኖረው አክብሮት ይዞት ሳይሆን የሚያርሰውን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ነው። እንዲህ ያለው ጎንበስ ቀና ቢቀር እሰየው!

ዳሩ ግን ያ ጓደኛችን ያዋረደው የትኛውን ባላባት ነው? ዲኑ ቢሮ ሲገባ እጁን አጣምሮ «እርስዎ» ሲል አይተነዋል። እኛም ያው ነን። አማርኛችን ሰውን ሳይመዝን ግስ አያረባም፤ ሰው ለመጥራት «ና» ወይስ «ነይ» ወይስ «ይምጡ» ብሎ መምረጥ ግድ ነው። እንግዲህ ምርጫችን ይመርመር፦ ማርክ ለሚሰጡን «ይምጡ»፣ ወጥ ለሚሰጡን «ነይ»! ታዲያ ፊውዳልነት ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? «ችግር ነው ያናገረው» ይሉናል። ችግር ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ እንዲህ ሲያናግረን ግን አላየንም።

ስድብ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ከእኛ በፊት በተማሪው ላይ የደረሰውን ያስታውስ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አብሮ የተሰለፈ ትውልድ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየስብሰባው «አቶ» ለ«ጓድ» ቦታውን ለቀቀ፤ እኩልነት መጣ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በአንድ ግቢ የተማሩ ልጆች «አናርኪስት»፣ «ባንዳ» ተባባሉ። ስሙ ቀደመ፣ ጥይቱ ተከተለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ መንገድ ላይ ሲጣል፣ እናቶች አልቅሰው እንዳይቀብሩ ተከለከሉ። ከአንደበት የወጣ አክብሮት መጨረሻው ለሬሳም ሳይተርፍ ቀረ። ዛሬም በየስልካችን ምን እንደምንባባል እናውቀዋለን፤ እዚህ አንደግመውም።

ክፉ ቀንን በአክብሮት የሚያሳልፍ ሰው ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈራችን እድር ይበቃል። ለነጋዴውም ለልብስ አጣቢዋም ያንኑ ድንኳን ይተክላል፣ ያንኑ አግዳሚ ወንበር ይደረድራል፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። እድርተኛው ስለጠገበ ነው? ኧረ የት! አብዛኛው ከእጅ ወደ አፍ ነዋሪ ነው። ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ገንዘብ በሌለበት ቤት ሰውን ከሰው ጋር የሚያቆየው መከባበር ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋነት የጠገበ ሰው ጉዳይ ነው ያላችሁን ተሳስታችኋል። የጠገበማ ያለ እሱም ይኖራል፤ ገንዘቡ ያስከብረዋል። ያለ መከባበር መኖር የማይችለው ድሃው ነው።

ይህን ስንል ዝም እንበል ማለታችን አይደለም። ወጡ አንሷል፣ እንጮኻለን! ጩኸታችን ግን ጭልፋ በያዘው ላይ ሳይሆን በጀት በያዘው ላይ ይሁን። ሴትዮዋም ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው ያው የተወደደ ዘይት፣ ያው የተወደደ ጤፍ ነው። አቤቱታ የሚጽፍ ይምጣ፤ እኛ ቀድመን እንፈርማለን።

እስከዚያው ግን ዕዳ አለብን። ሦስት ዓመት ከእጃቸው ስንበላ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም። ነገ ተራችን ሲደርስ ስማቸውን እንጠይቅ፤ «እናቴ፣ ያን ዕለት አጥፍተናል፣ ይቅርታ ያድርጉልን» እንበል። የጮኸው አንድ ቢሆንም የሳቅነው ብዙ ነንና፣ ያን ልጅ ብቻውን አንላከው።