«ውሸት ነው» ተብሎ የጠፋው ልብ ወለድ



ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አንድ ወንድሜን አገኘሁት። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ማታ በስልኩ ልብ ወለድ ይጽፋል። ታሪኩ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚሆን ነው። ጅቦቹ ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ሲገቡ ከውጭው ዓለም መልእክት ይዘው ይመጣሉ። ጅምሩን ልኮልኝ አንብቤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። «ቀጣዩስ?» አልኩት። «አጠፋሁት» አለኝ። ጓደኛው «ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ሐራም ነው» ብሎት የወራት ድካሙን ደመሰሰው።

ጓደኛው ለወንድሙ ኢማን ተጨንቆ እንደተናገረ አልጠራጠርም። እኔም ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ግን ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የበስራው አል-ሐሪሪ (እ.ኤ.አ. በ1122 ያለፉት) «መቃማት» በሚባለው ሥራቸው አቡ ዘይድ የሚባል አንደበተ ርቱዕ አጭበርባሪ ፈጥረው ሃምሳ ታሪክ ጽፈዋል። የዐረብኛ ተማሪዎች ለዘመናት መጽሐፉን ሲሐፍዙት ኖረዋል። እርሳቸውም ወቀሳው እንደሚመጣ ስላወቁ መግቢያው ላይ መልስ ሰጥተዋል፦ እንስሳትና ግዑዝ ነገሮች የሚናገሩበትን ተረት ሰምቶ ተራኪውን ያወገዘ ማን አለ? ሥራም የሚመዘነው በኒያ ነው ይላሉ። አንባቢም ጸሐፊም ፈጠራ መሆኑን ካወቁ ማን ተታለለ?

ከእርሳቸው በኋላ የአንዳሉሱ ሐኪም ኢብን ጡፈይል «ሐይ ቢን የቅዟን»ን ጻፉ። ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ በማስተንተን ብቻ ፈጣሪውን ያገኛል። መጽሐፉ በ1671 በላቲን፣ በ1708 ከዐረብኛ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ «ሮቢንሰን ክሩሶ» የወጣው በ1719 ነው። ደም በሳንባ በኩል እንደሚዘዋወር የገለጹት ኢብን አን-ነፊስም ተመሳሳይ ልብ ወለድ አላቸው። ቤንጋላዊቷ ሙስሊም እህታችን ሮኬያ ሰኻዋት ሆሴን ደግሞ በ1905 በፀሐይ ኃይል የሚሠራና በአየር የሚበር መጓጓዣ ያለው የሴቶች አገር ጽፋ፣ በኋላ ካልካታ ውስጥ ለሙስሊም ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። የእርሷ ሕልም ወንዶቹን ቤት ያስቀምጣል፤ ያ እኛን ወንዶች ትንሽ ቢቆጠቁጠን አይገርምም!

እኛስ? «ዱን»ን በስልካችን አይተን «ማህዲ» እና «ሊሳን አል-ገይብ» ሲባል ስንሰማ ጆሯችን ይቆማል። ፍራንክ ኸርበርት ልብ ወለዱን በ1965 ሲያሳትም ከእኛ ቃላት የፈለገውን ወስዶ የራሱን ዓለም ሠርቶበታል። ጎበዝ ነው፤ ግን ቤታችንን በእንግዳ ዓይን ነው ያየው። የኢራቁ አሕመድ ሰዕዳዊ በበኩሉ በፍንዳታ ከሞቱ ሰዎች አካል የተሰፋ ፍጡር ባግዳድ ውስጥ አስነስቶ፣ በ2014 ዓለም አቀፉን የዐረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት ወሰደ። ያ የቤቱ ልጅ ጽሑፍ ነው።

በአማርኛ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ሲጽፍ የጣና ገዳማትን ከሳይንቲስቶችና ከሰላዮች ጋር አዋሕዶ ስንቱን ወጣት አንባቢ አደረገው! 82 መስጂድ በግንብ ውስጥ የያዘው ጀጎል፣ የወሎ ዐጀሚ ጽሑፎች፣ ነጃሺ... ለዚህ ዓይነት ታሪክ የሚያንሱ ናቸው? ከመካከላችን የሚጽፍ ሲነሳ ግን ስልኩን እናስደመስሰዋለን።

ድንበር የለም እያልኩ አይደለም። ሲሕርን የሚያስወድድ፣ በነቢያት ላይ ያልተባለ የሚጨምር ጽሑፍ አለ፤ የዚያን ጊዜ ዓሊም መጠየቅ ግድ ነው። ወንድሜ ግን ማንንም ዓሊም አልጠየቀም። የጠየቀው ጓደኛውን ነው።

የላከልኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ቴሌግራሜ ላይ አሉ። ትናንት ከዒሻ በኋላ መልሼ ልኬለታለሁ። እስካሁን አልከፈተውም።