«ታዲያ ጽሑፉ ምን ይላል?»፦ የዳላስ ልጆች ንባብና የወላጆቻቸው አማርኛ

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ፣ በጋርላንድም ሆነ በሪቻርድሰን፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚያውቁት አንድ ሁኔታ አለ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪው ልጅ ከመጽሐፉ አንድ የሳይንስ ጽሑፍ በጠራ እንግሊዝኛ ሳይደናቀፍ ያነብባል፤ ወላጅም በልጁ አንደበት ይኮራል። «ታዲያ ጽሑፉ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ልጁ ወደ ገጹ ተመልሶ አንዱን ዓረፍተ ነገር ይደግማል፤ አለዚያም አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ፍሬውን ከገለባው መለየት ግን አልተማረም።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ ጽሑፍ ስለ ሉሲ፣ በአማርኛ ስሟ ስለ ድንቅነሽ፣ ያወሳል እንበል። አጽሟ እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር መገኘቱን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን፣ ስሟም ከቢትልስ ዘፈን መወሰዱን ይዘረዝራል። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንቶች ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትራመድ እንደነበር እንደሚያሳዩ፣ የዝርያዋ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ አንጎል እምብዛም እንደማይበልጥ ያክላል። «ጽሑፉ ስለ ሉሲ ነው» ያለ ተማሪ ርእሱን ብቻ ተናግሯል። «ስሟ ከዘፈን የመጣ ነው» ያለው አንድ ዝርዝር ይዞ ቀርቷል። ማዕከላዊውን ሐሳብ ያገኘው «የሰው ቅድመ አያቶች አንጎላቸው ከመግዘፉ አስቀድሞ በሁለት እግር ይራመዱ ነበር» የሚለው ተማሪ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ ላይገኝ ይችላል፤ ተማሪው ራሱ ማስረጃዎቹን አገናኝቶ ሊያወጣው ይገባል።

ይህ በዚያ ዕድሜ ቀላል ሥራ አይደለም። አን ብራውንና ጂን ዴይ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ጥናት፣ ልጆች የማያስፈልገውን መሰረዝ ቀድመው እንደሚለምዱ፣ ያልተጻፈውን ዋና ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል ማዋቀር ግን ዘግይቶ እንደሚመጣ አሳይቷል። ሩት ጋርነርና ባልደረቦቿ ደግሞ በ1989 ማራኪ ነገር ግን ለጉዳዩ የማይጠቅሙ ዝርዝሮች የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከዋናው ሐሳብ እንደሚያዘናጉ አረጋግጠዋል። የቢትልስ ዘፈን እንዲህ ያለ ወጥመድ ነው። ስለዚህ «የአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አስምርበት» የሚለው የተለመደ ብልሃት ሩቅ አያደርስም።

ከብልሃት በላይ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አንድ ጽሑፍ አነበቡ። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ነገር ግን ጨዋታውን የሚያውቁት፣ በንባብ ጎበዝ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት ይልቅ ታሪኩን አሳምረው ተረኩ። የቴክሳስ ሬንጀርስ ቡድን መቀመጫ በሆነችው በአርሊንግተን ያደገ ልጅና ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ይህንኑ ጽሑፍ እኩል አያነቡትም። ጽሑፉ ስለ ድንቅነሽ ሲሆን ግን ሚዛኑ ሊገለበጥ ይችላል።

በቴክሳስ ጉዳዩ የውጤትም ጉዳይ ነው። የግዛቲቱ ሥርዓተ ትምህርት ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የመረጃ ጽሑፍን ዋና ሐሳብ ከደጋፊ ማስረጃው ጋር እንዲተነትኑ ያዛል። «ስታር» የተባለው ፈተናም ከ2023 ጀምሮ ካነበቡት ተነሥተው እንዲጽፉ ይጠይቃቸዋል። በ2025 የጸደቀ ሕግ ይህን ፈተና ከ2027–28 የትምህርት ዘመን አንሥቶ በሦስት አጫጭር ፈተናዎች ይተካዋል። የፈተናው ስምና ቅርጽ ቢለወጥም፣ ያነበበውን መጨበጥ ያልቻለ ልጅ በሳይንሱም በታሪኩም ትምህርት ወደ ኋላ መቅረቱ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ይሳሳታሉ። ልጁ በእንግሊዝኛ እንዲበረታ በማሰብ አማርኛውን ከቤት ያስወጣሉ፤ በራሳቸው እንግሊዝኛ ሲያፍሩም ከልጁ ትምህርት ጭራሽ ይሸሻሉ። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ ግን ባቀረበው መላምት፣ ልጅ በአንዱ ቋንቋ ያዳበረው የማሰብና የንባብ ችሎታ፣ ሁለተኛውን ቋንቋ በበቂ የሚያገኝና ለመማር የሚነሣሣ እስከሆነ ድረስ፣ ወደዚያም እንደሚሻገር አስረድቷል። ሐሳብን ማጠቃለል በአማርኛ የተለማመደ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲደግመው ከዜሮ አይጀምርም። የእንግሊዝኛውን ቃላትና የአጻጻፍ ሥርዓት ማስተማር የትምህርት ቤቱ ድርሻ ሆኖ ይቀራል፤ መምህራንም ተማሪው ከመጻፉ በፊት ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያወጣ ቢፈቅዱለት ሥራቸው ይቀልላቸዋል።

የወላጅ ድርሻ ሌሊት ፈረቃ ውሎ ለሚመጣ ሰው እንኳ የሚከብድ አይደለም። በእራት ማዕድ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ጽሑፉ ስለ ምን ነው? ስለዚያ ነገር የሚለው ምንድን ነው? በምን ታውቋል? የመጀመሪያው ርእሱን፣ ሁለተኛው ማዕከላዊውን ሐሳብ፣ ሦስተኛው ማስረጃውን ያወጣል። ልጁ የዘፈኑን ታሪክ ቢያመጣ ሳቁን ተካፍሎ «ይህ ባይኖር ጽሑፉ ምን ይጎድለው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ለማግኘት ልጁ ወደ ገጹ ሲመለስ፣ በዚህ ጊዜ የሚያነበው በአፉ ብቻ አይሆንም።